የእስራኤልና የፍልስጤም ግጭት ታሪካዊ ሥሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ስለ ግጭቱ አመጣጥ በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግጭቱ በመሠረቱ ስለ ምንድን ነው?

ሁለት ሕዝቦች በአንዲት ምድር ላይ የየራሳቸውን መንግሥት ለማቆም ስለፈለጉ የተፈጠረ ግጭት ነው። ምድሪቱ በሜዲትራኒያን ባሕርና በዮርዳኖስ ወንዝ መካከል የምትገኝ፣ ስፋቷ 27,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ናት። አይሁዶች የአባቶቻቸው መንግሥትና ቤተ መቅደስ የነበረባት፣ በስደት ዘመናቸው ሁሉ ከጸሎታቸው ያልተለየች ርስታቸው አድርገው ያዩአታል። ፍልስጤማውያን ደግሞ ቅድመ አያቶቻቸው ያረሷት፣ ወይራ የተከሉባትና የተቀበሩባት አገራቸው አድርገው ያዩአታል። ሁለቱም የሚሉት እውነት ነው፤ ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው።

ሃይማኖት፣ የአውሮፓ ፖለቲካና የዓረብ መንግሥታት ፉክክር በታሪኩ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላቸው። የጠቡ እምብርት ግን መሬት፣ የመንግሥት ሥልጣንና በገዛ አገር የመኖር መብት ነው።

የይስሐቅና የእስማኤል ልጆች የቆየ ጠብ አይደለምን?

አይደለም። ይህ አስተሳሰብ በእኛም ዘንድ በስብከትም በጨዋታም ዘወትር ቢሰማም ታሪኩ አይደግፈውም። አይሁዶች ለብዙ መቶ ዓመታት በሙስሊም መንግሥታት ሥር ልዩ ግብር እየከፈሉና ዝቅ ያለ ሕጋዊ ደረጃ ተሰጥቷቸው ኖረዋል፤ ጥቃት የደረሰባቸው ጊዜያትም ነበሩ። ሆኖም በ1492 ከስፔን ሲባረሩ ብዙዎቹን ተቀብሎ ያስጠጋቸው የኦቶማን መንግሥት ነው። በአይሁዶች ላይ እጅግ የከፋው ግፍ የተፈጸመው በክርስቲያን አውሮፓ እንጂ በዓረቦች ምድር አልነበረም።

ከዚህም ሌላ ለአይሁዶች በአባቶቻቸው ምድር አገር ለማቆም የተነሣው የጽዮናዊነት እንቅስቃሴ የመጀመሪያ መሪዎች አብዛኞቹ ሃይማኖተኞች አልነበሩም፤ በዘመኑ የነበሩ ብዙ ረቢዎችም እንቅስቃሴውን ተቃውመውታል። በፍልስጤማውያን በኩልም ቢሆን ቀድመው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ካሰሙት መካከል ክርስቲያኖች ይገኙበታል። በ1908 በሃይፋ «አል-ከርሚል» የተባለውን ጋዜጣ የመሠረተው ናጂብ ናሳርና በ1911 በያፋ «ፈለስጢን» የተባለውን ጋዜጣ ካቋቋሙት አንዱ የሆነው ዒሳ አል-ዒሳ ክርስቲያኖች ነበሩ። ግጭቱ የተጀመረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ነው፤ ዕድሜውም 140 ዓመት ገደማ ነው።

የዛሬዎቹ ፍልስጤማውያን በመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቃቸው የጎልያድ ወገኖች ናቸውን?

አይደሉም። የጥንቶቹ ፍልስጥኤማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በባሕር መጥተው በጋዛ፣ በአስቀሎናና በአዛጦን አካባቢ የሰፈሩ ሕዝብ ሲሆኑ፣ ከባቢሎናውያን ወረራ በኋላ እንደ ሕዝብ ጠፍተዋል። ስማቸው ግን ለአካባቢው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን የአይሁዶችን ዓመፅ በ135 ዓ.ም. ገደማ ከደመሰሰ በኋላ የይሁዳን ግዛት «ሶርያ ፓለስቲና» ብሎ ሲሰይመው ስሙ በይፋ ጸና።

የዛሬዎቹ ፍልስጤማውያን ከብዙ ዘመናት ጀምሮ በዚያች ምድር የኖሩ፣ ከ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኋላ ቀስ በቀስ ዓረብኛ ተናጋሪ የሆኑና አብዛኞቹ እስልምናን የተቀበሉ ነዋሪዎች ዘሮች ናቸው፤ በየዘመኑ ከውጭ መጥተው የተቀላቀሏቸውም አሉ። ስለዚህ ከዳዊትና ከጎልያድ ታሪክ ተነሥቶ የዛሬውን ወገን መለየት አንባቢን ከማሳሳት በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ከጽዮናውያን መምጣት በፊት በአገሩ የሚኖረው ማን ነበር?

ከ1517 እስከ 1917 ምድሪቱ በኦቶማን ቱርኮች አገዛዝ ሥር ነበረች። በ1880 አካባቢ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርባት የነበረ ሲሆን፣ አብዛኛው ሙስሊም ዓረብ ነበር፤ ከእነርሱ ጋር ብዛት ያላቸው ዓረብ ክርስቲያኖችና 25,000 ገደማ አይሁዶች ይኖሩ ነበር። አይሁዶቹ በዋናነት በኢየሩሳሌም፣ በኬብሮን፣ በሳፌድና በጥብርያዶስ ተሰባስበው ይኖሩ ነበር።

ምድሪቱ ያን ጊዜ ነፃ መንግሥት አልነበረችም፤ አንድ ወጥ ክፍለ ሀገርም አልነበረችም። የኢየሩሳሌም አውራጃ ከ1872 ጀምሮ በቀጥታ ለኢስታንቡል ተጠሪ ሲሆን ሰሜኑ ክፍል በኋላ ከቤይሩት ይተዳደር ነበር። ነገር ግን መንግሥት አለመሆን ማለት ሰው አልባ መሆን ማለት አይደለም። በተራራማው ክፍል በመቶዎች የሚቆጠሩ መንደሮች ነበሩ፤ ናብሉስ በሳሙናዋ፣ ያፋ ወደ አውሮፓ በምትልከው ብርቱካን የታወቁ ነበሩ። ምድሪቱ ባዶ ነበረች የሚለው አባባል ሐሰት ነው፤ አይሁዶች ከናካቴው አልነበሩባትም የሚለውም እንዲሁ።

ጽዮናዊነት ምንድን ነው? በዚያን ጊዜስ ለምን ተነሣ?

ጽዮናዊነት አይሁዶች እንደ ማንኛውም ሕዝብ የራሳቸው አገር ሊኖራቸው ይገባል፣ አገሩም በአባቶቻቸው ምድር መሆን አለበት የሚል የፖለቲካ እንቅስቃሴ ነው። በ1881 የሩስያው ዛር አሌክሳንደር ሁለተኛ ከተገደለ በኋላ በአይሁዶች ላይ «ፖግሮም» የተባለው የጅምላ ጥቃትና ዝርፊያ ተቀጣጠለ። በሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት ከሁለት ሚሊዮን በላይ አይሁዶች ከምሥራቅ አውሮፓ ሲሰደዱ አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ጥቂቶቹ ግን ወደ ፍልስጤም መጥተው በ1882 እንደተመሠረተችው ሪሾን ለጺዮን ያሉ የእርሻ መንደሮችን አቋቋሙ። ቴዎዶር ሄርዝል የተባለው የቪየና ጋዜጠኛ በ1896 ስለ አይሁዶች መንግሥት የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ የመጀመሪያውን የጽዮናውያን ጉባኤ ጠራ። በ1903 እንግሊዝ ዛሬ ኬንያ ከሚባለው አገር መሬት ልትሰጥ ሐሳብ አቅርባ ጉባኤው ከብዙ ክርክር በኋላ አልተቀበለውም።

የሚመጣውን ቀድመው የተረዱ ሰዎች ነበሩ። የኢየሩሳሌም ከንቲባ የነበሩት ዩሱፍ ዲያእ አል-ኻሊዲ በ1899 ለሄርዝል በደረሰ ደብዳቤያቸው አይሁዶች ከምድሪቱ ጋር ያላቸውን ታሪካዊ ትስስር በግልጽ ተቀብለው፣ ሆኖም አገሩ ነዋሪ ስላለው ዕቅዱ ያለ ኃይል ሊፈጸም እንደማይችል በማስጠንቀቅ ፍልስጤምን እንዲተዉአት ለመኑ። ሄርዝል በመለሰላቸው ደብዳቤ አይሁዶች ይዘውት የሚመጡት ሀብት ነዋሪውን እንደሚጠቅም ገለጸ። የኻሊዲ ጥያቄ ስለ ሀብት አልነበረም። ይህ የደብዳቤ ልውውጥ የቀጣዮቹን አሥርተ ዓመታት አለመግባባት አስቀድሞ ያሳየ ይመስለኛል።

መሬቱ በገንዘብ የተገዛ ከሆነ ቅሬታው ከየት መጣ?

እስከ 1948 ድረስ በአይሁዶች እጅ የገባው መሬት በአብዛኛው በሕጋዊ ሽያጭ የተገኘ ነው፤ ይህ መታበል የለበትም። ጥያቄው የሸጠው ማን ነው የሚለው ነው። የኦቶማን መንግሥት በ1858 ያወጣው የመሬት ሕግ ይዞታ ሁሉ እንዲመዘገብ ሲያዝ፣ ግብርንና ወታደራዊ ምልመላን የፈሩ ገበሬዎች ያረሱት የነበረውን መሬት በከተማ ባላባቶችና ነጋዴዎች ስም አስመዘገቡ። የቤይሩቱ የሱርሶቅ ቤተሰብ በዚህ መንገድ በኢይዝራኤል ሸለቆ ሰፊ መሬት ከያዙት አንዱ ነበር። ባለርስቱ በቤይሩት ተቀምጦ ሲሸጥ፣ ለትውልድ ሲያርስ የኖረው ጭሰኛ ወሬውን የሚሰማው ልቀቅ ሲባል ነበር። ከአብዮቱ በፊት በአገራችን የነበረውን የባለርስትና የጭሰኛ ሥርዓት የሚያስታውስ ሰው ይህን በደል ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቀድሞም ቢሆን መሬት በባለርስቶች መካከል ይሸጥ ነበር፤ ጭሰኛው ግን ባለበት ይቀጥላል። አዲሱ ነገር በ1901 የተቋቋመው የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ የገዛው መሬት ተመልሶ የማይሸጥ መሆኑና በላዩም አይሁድ ሠራተኞች ብቻ እንዲሠሩበት መደረጉ ነው። ሠራተኞቹ ይህን ያደረጉት ዓረቡን ለመጉዳት አስበው ሳይሆን በገዛ እጁ የሚያርስ አዲስ አይሁዳዊ ለመፍጠር ነበር። ለተፈናቀለው ገበሬ ግን ውጤቱ አንድ ነው። በ1910 የአል-ፉላ መንደር መሬት ሲሸጥ የናዝሬት አስተዳዳሪ የነበረው ሹክሪ አል-ዓሰሊ ሽያጩን አላጸድቅም ብሎ መሟገቱ ጉዳዩን የጋዜጦች መነጋገሪያ አደረገው። እንዲያም ሆኖ በ1947 በአይሁዶች ይዞታ ሥር የነበረው መሬት ከጠቅላላው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። የተቀረው የተያዘው ከዚያ በኋላ በጦርነት ነው።

እንግሊዝ በግጭቱ ያላት ድርሻ ምንድን ነው?

እጅግ ትልቅ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት እንግሊዝ ሊጣጣሙ የማይችሉ ተስፋዎችን ለተለያዩ ወገኖች ሰጠች። በግብጽ የነበረው ተወካይዋ ሄንሪ ማክማሆን ከ1915 እስከ 1916 ከመካው ሸሪፍ ሑሴን ጋር በተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ ዓረቦች በቱርክ ላይ ቢነሡ ነፃነታቸውን እንደምትደግፍ ቃል ገባች፤ ፍልስጤም በዚያ ቃል ውስጥ ትካተት ነበር ወይስ አትካተትም የሚለው እስከዛሬ ያከራክራል። በ1916 ከፈረንሳይ ጋር በምስጢር በተደረገው የሳይክስና ፒኮ ስምምነት ደግሞ አካባቢውን ተከፋፈለች። በኖቬምበር 2 ቀን 1917 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አርተር ባልፎር ለአይሁድ ሕዝብ በፍልስጤም ብሔራዊ መኖሪያ እንዲቋቋም መንግሥታቸው እንደሚደግፍ በደብዳቤ አስታወቁ።

የባልፎር ደብዳቤ ከሕዝቡ 90 በመቶ ገደማ የነበሩትን ዓረቦች በስማቸው አይጠራም፤ አይሁድ ያልሆኑ ማኅበረሰቦች ብሎ ያልፋቸውና የሚጠብቅላቸውም የሲቪልና የሃይማኖት መብታቸውን ብቻ ነው። ስለ ፖለቲካ መብታቸው አንድ ቃል የለበትም። በካቢኔው የነበሩት ብቸኛው አይሁዳዊ ሚኒስትር ኤድዊን ሞንታጉ ደብዳቤውን አጥብቀው መቃወማቸው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የመንግሥታቱ ማኅበር በ1922 ፍልስጤምን በሞግዚትነት ለእንግሊዝ ሲሰጥ የባልፎርን ቃል በውሉ ውስጥ አካተተው፤ የነዋሪው ፈቃድ ግን አልተጠየቀም። በዚያው ዓመት በተደረገው ቆጠራ ከ757,000 ነዋሪዎች አይሁዶች 84,000 ገደማ ነበሩ።

ደም መፋሰሱ መቼ ተጀመረ?

ሰፊ ግጭት የታየው በ1920 በኢየሩሳሌምና በ1921 በያፋ ነው። የ1929ኙ ግን ከሁሉም የከፋ ነበር። በኢየሩሳሌም በምዕራባዊው ግንብ አጠገብ ባለው የጸሎት ሥርዓት ላይ የተነሣው ውዝግብ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቶ 133 አይሁዶችና 116 ዓረቦች ሞቱ። በኬብሮን 67 አይሁዶች ተገደሉ፤ ብዙዎቹም ጽዮናዊነት ከመፈጠሩ በፊት ጀምሮ ከዓረብ ጎረቤቶቻቸው ጋር የኖሩ የአሮጌው ማኅበረሰብ አባላት ነበሩ። ጎረቤቶቻቸውን በቤታቸው ሸሽገው ያዳኑ የዓረብ ቤተሰቦችም ነበሩ። ከዚያ በኋላ የጥንቱ የኬብሮን አይሁዳዊ ማኅበረሰብ አበቃለት።

ሂትለር በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ስደቱ በረታ፤ በ1935 ብቻ ከ60,000 በላይ አይሁዶች ገቡ። በኤፕሪል 1936 ዓረቦች አጠቃላይ አድማ አወጁ፤ አድማውም እስከ 1939 የዘለቀ ዓመፅ ሆነ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ምክንያት ከአገር ወጥተው በሜይ 1936 ሃይፋ ወደብ ሲደርሱ አድማው ገና ሳምንታት ብቻ አስቆጥሮ ነበር። እንግሊዞች ዓመፁን በከፍተኛ ጭካኔ አፈኑት፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓረቦች ሞቱ፣ መሪዎቻቸውም ታሰሩ፣ ተሰደዱ፣ እርስ በርሳቸውም ተከፋፈሉ። ፍልስጤማውያን በ1948 ያለ ብርቱ አመራር የተገኙበት ዋነኛ ምክንያት ይህ ሽንፈት ነው።

እስራኤል የተመሠረተችው በሆሎኮስት ምክንያት ነውን?

በከፊል ብቻ። ናዚዎች ስድስት ሚሊዮን አይሁዶችን ከመፍጀታቸው በፊት በፍልስጤም የአይሁዶች ትምህርት ቤቶች፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ ዩኒቨርሲቲና ምስጢራዊ ጦር ተቋቁመው ነበር። የመንግሥቱ አውታር አስቀድሞ ተዘርግቷል ማለት ይቻላል። ሆሎኮስት የለወጠው የጉዳዩን አጣዳፊነትና የዓለምን ስሜት ነው። አሜሪካ በ1924 የስደተኞችን በር አጥብባ ነበር፤ በ1938 በፈረንሳይ ኤቪያን የተሰበሰቡት 32 መንግሥታት ስለ አይሁዶች ስደት ተወያይተው ከጥቂት በቀር የመቀበል ፈቃደኝነት አላሳዩም፤ እንግሊዝም በ1939 ወደ ፍልስጤም የሚገባውን በአምስት ዓመት 75,000 ብቻ እንዲሆን ወሰነች። ከጦርነቱ በኋላ የተረፉት በአውሮፓ መጠለያ ሰፈሮች ተከማችተው ሳለ ወዴት ይሂዱ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጠ አልነበረም።

የኢየሩሳሌሙ ሙፍቲ ሐጅ አሚን አል-ሑሴይኒ በጦርነቱ ጊዜ በርሊን ሄደው ከሂትለር ጋር መገናኘታቸውና ለናዚዎች ቅስቀሳ መሥራታቸው እውነት ነው፤ አሳፋሪም ነው። ሆኖም ፍጅቱን ያቀዱትና የፈጸሙት አውሮፓውያን ናቸው። ፍልስጤማውያን «አውሮፓ ለሠራችው ኃጢአት እኛ ለምን እንከፍላለን?» የሚሉትም ከዚህ ተነሥተው ነው።

ዓረቦች የ1947ቱን የክፍፍል ዕቅድ ለምን አልተቀበሉም?

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኖቬምበር 29 ቀን 1947 ምድሪቱ ለአይሁድና ለዓረብ መንግሥት እንድትከፈል፣ ኢየሩሳሌምም በዓለም አቀፍ አስተዳደር ሥር እንድትሆን በ33 ድጋፍ፣ በ13 ተቃውሞና በ10 ድምፀ ተአቅቦ ወሰነ። ኢትዮጵያ ድምፅ ካልሰጡት አንዷ ነበረች። በዕቅዱ መሠረት ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛ ለነበሩት አይሁዶች ከመሬቱ 55 በመቶ ገደማ ተመደበ፤ ከዚህ ውስጥ ሰፊው ክፍል የነጌብ በረሃ ነው። ለአይሁድ መንግሥት በተመደበው ክልል ውስጥ ራሱ ነዋሪው ግማሽ ያህል ዓረብ ነበር።

የአይሁድ አመራር ቅር እያለውም ቢሆን ተቀበለ። የዓረብ መሪዎች ግን ብዙኃኑ ባልተስማማበት አገር አይቆረስም ብለው እምቢ አሉ። በመርሕ ደረጃ እምቢታቸው የሚገባ ነው፤ ብዙ ሕዝቦችም በቦታቸው ቢሆኑ እንዲሁ ባሉ ነበር። በፖለቲካ ስሌት ግን ሌላ አማራጭ ሳይዙ፣ ሳይደራጁና የጎረቤት ነገሥታትን ጦር ተማምነው ወደ ጦርነት መግባታቸው ሕዝባቸውን እጅግ ጎዳው። የዮርዳኖሱ ንጉሥ ዓብደላህ ለምሳሌ የዓረብ ድርሻ የተባለውን ክፍል ለራሳቸው ግዛት ይፈልጉት ነበር።

በ1948 ፍልስጤማውያን ተባረሩ ወይስ ራሳቸው ሄዱ?

ሁለቱም ሆኗል፤ መጠኑ ግን እኩል አይደለም። ከ700,000 በላይ ሰዎች ቤታቸውን ሲለቁ ከ400 በላይ መንደሮች ባዶ ቀሩ። ፍልስጤማውያን ይህን «ናክባ» ይሉታል፤ ታላቁ መዓት ማለታቸው ነው። የዓረብ መንግሥታት ጦር በሜይ 15 ቀን 1948 ከመግባቱ በፊት ሩብ ሚሊዮን የሚያህለው ሕዝብ አስቀድሞ ተፈናቅሎ ነበር፤ ስለዚህ ስደቱን የዚያ ወረራ ውጤት ብቻ አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይሆንም። የዓረብ መሪዎች ሕዝቡ እንዲወጣ በሬዲዮ አዘዙ የሚለው ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረ ነው፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ የእስራኤል ቤተ መዛግብት ሲከፈቱ የራሳቸው የእስራኤል የታሪክ ምሁራን ባደረጉት ጥናት እንዲህ ያለ አጠቃላይ ትእዛዝ አልተገኘም።

የሆነው ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሃይፋ አይሁዳዊው ከንቲባ ሻብታይ ሌቪ ዓረቦች እንዳይወጡ ለምነዋል፤ ከተማዋ ሃጋና በተባለው የአይሁዶች ጦር ከተያዘች በኋላ ግን የዓረብ ሽማግሌዎች መውጣትን መረጡ። በኤፕሪል 9 በዴር ያሲን መንደር ኢርጉንና ሌሂ የተባሉት የአይሁድ ድርጅቶች ታጣቂዎች ሴቶችና ሕፃናት የሚገኙባቸውን ከመቶ በላይ ሰዎች ሲገድሉ ወሬው በየመንደሩ ፍርሃት ነዛ። ከአራት ቀን በኋላ ወደ ሐዳሳ ሆስፒታል ይሄዱ የነበሩ ከ70 በላይ አይሁዶች፣ ከእነርሱም ሐኪሞችና ነርሶች፣ በዓረብ ታጣቂዎች ተገደሉ። በጁላይ ከልዳና ከራምላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች በግልጽ ወታደራዊ ትእዛዝ በጠራራ ፀሐይ በእግራቸው እንዲወጡ ተደረገ። ናዝሬት ግን አልተባረረችም።

የሄደው በምን ምክንያት ሄደ የሚለው ክርክር ትልቁን ነገር ይጋርደዋል። ወሳኙ እርምጃ ስደተኞቹ እንዳይመለሱ መከልከላቸው ነው። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ የእስራኤል መንግሥት መመለስን አገደ፤ በ1950 ባወጣው የቀሪ ንብረት ሕግም ቤታቸውንና እርሻቸውን ወሰደ። ለእስራኤላውያን ደግሞ ያ ጦርነት የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነበር፤ 6,000 ገደማ ሰዎች ሞተውባቸዋል፤ ይህም ከሕዝባቸው አንድ በመቶ ያህል ነው። በ1949 የጦር ማቆሚያ ስምምነቶች ሲፈረሙ እስራኤል ከምድሪቱ 78 በመቶ ያዘች፤ ዮርዳኖስ ዌስት ባንክን፣ ግብጽ ጋዛን ያዙ። የፍልስጤም መንግሥት ግን አልቆመም።

ከዓረብ አገሮች የወጡት አይሁዶችስ?

ከ1948 ጀምሮ ባሉት ሦስት አሥርተ ዓመታት ከዓረብ አገሮችና ከኢራን ወደ 850,000 የሚጠጉ አይሁዶች ወጥተዋል፤ አብዛኞቹም እስራኤል ገብተዋል። ከኢራቅ ብቻ በ1950 እና በ1951 120,000 ገደማ ሄዱ፤ ዜግነታቸውን ተነጥቀው፣ ንብረታቸውም ታግዶ። በባግዳድ በ1941 ከመቶ በላይ አይሁዶች የተገደሉበት «ፋርሁድ» የተባለው ጥቃት ደግሞ ከእስራኤል መመሥረት ሰባት ዓመት ይቀድማል። ጽዮናውያን መልእክተኞች ያበረታቱት ፍልሰት መኖሩም እውነት ነው።

ይህ በደል በናክባ ጥላ ሥር መረሳት አይገባውም። የፍልስጤማውያንን በደል ለማካካስ መዋሉ ግን ተገቢ አይደለም፤ የባግዳድን አይሁዳዊ ቤት የወሰደው የኢራቅ መንግሥት እንጂ የሃይፋ ስደተኛ አይደለም።

የ1967ቱ ጦርነት ምን ለወጠ?

ግብጽ ጦሯን ወደ ሲና አስገብታ የቲራንን የባሕር መተላለፊያ ከዘጋች በኋላ እስራኤል በጁን 5 ጥቃት ከፈተች፤ በስድስት ቀንም ዌስት ባንክን፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን፣ ጋዛን፣ ሲናንና የጎላን ኮረብታዎችን ያዘች። አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ ፍልስጤማውያን በወታደራዊ አስተዳደር ሥር ወደቁ። ከዚያ በፊት ጥያቄው የ1948 ስደተኞች ጉዳይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የወረራ አገዛዝ ጥያቄ ተደረበበት።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የእስራኤል ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሕግ አማካሪ ቴዎዶር ሜሮን በተያዘው ግዛት ሲቪሎችን ማስፈር የአራተኛውን የጄኔቫ ስምምነት እንደሚጥስ በጽሑፍ አስታወቁ። ሰፈራው ግን ተጀመረ፤ በሌበር ፓርቲም በሊኩድ ፓርቲም ዘመን አልቆመም። ዛሬ በዌስት ባንክና በምሥራቅ ኢየሩሳሌም ከ700,000 በላይ እስራኤላውያን ይኖራሉ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በጁላይ 2024 በሰጠው የምክር አስተያየት እስራኤል በእነዚህ ግዛቶች መቆየቷ ሕገ ወጥ መሆኑን ገልጿል፤ እስራኤል አትቀበለውም።

ኢየሩሳሌም ለምን እንዲህ ታስቸግራለች?

አይሁዶች የቤተ መቅደስ ተራራ የሚሉትና ሙስሊሞች ሐረም አል-ሸሪፍ የሚሉት ስፍራ አንድ ነው። በላዩ የአል-አቅሳ መስጊድና የዓለቱ ጉልላት ቆመዋል፤ በሥሩም ምዕራባዊው ግንብ አለ። እስራኤል በ1967 ምሥራቁን ክፍል ወደ ከተማዋ ቀላቅላ በ1980 በሕግ አጸናችው፤ የጸጥታው ምክር ቤት ግን አልተቀበለውም። ፍልስጤማውያን ዋና ከተማችን ትሁን የሚሉት ይህንኑ ክፍል ነው።

በኢየሩሳሌም የቁልፍ ባለቤትነትን የሚወስነው የመንግሥት ሥልጣን መሆኑን ኢትዮጵያውያን በዴር ሡልጣን ጉዳይ በቅርብ ያውቁታል። ገዳሙ በዮርዳኖስ አስተዳደር ጊዜ በእኛና በግብጻውያን ኮፕቶች መካከል ሲያወዛግብ ኖሮ፣ በ1970 የትንሣኤ ሌሊት በእስራኤል ፖሊስ አማካይነት የጸሎት ቤቶቹ ቁልፍ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሆነ። የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማግስቱ ዓመት ለኮፕቶች እንዲመለስ ቢወስንም መንግሥት እስካሁን አልፈጸመውም።

የኦስሎ ስምምነት ለምን አልሠራም?

በሴፕቴምበር 1993 የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት የእስራኤልን የመኖር መብት ሲያውቅ፣ እስራኤል ድርጅቱን የፍልስጤማውያን ወኪል አድርጋ አወቀች እንጂ ለፍልስጤም መንግሥት ዕውቅና አልሰጠችም። ኢየሩሳሌም፣ ስደተኞች፣ ሰፈራና ድንበር፣ ማለትም የግጭቱ ሥሮች በሙሉ፣ ለኋላ ተላለፉ። በመካከሉ በዌስት ባንክ ያሉት ሰፋሪዎች ከ110,000 ገደማ በ2000 ወደ 190,000 ገደማ አደጉ፤ ሐማስ የተባለው የፍልስጤማውያን እስላማዊ ታጣቂ ድርጅትም በአውቶቡስና በገበያ አጥፍቶ ጠፊዎችን አሰማራ። በ1994 አንድ አይሁዳዊ ሰፋሪ በኬብሮን መስጊድ ውስጥ 29 ሰጋጆችን ገደለ፤ በ1995 ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን በአይሁዳዊ ጽንፈኛ እጅ ተገደሉ። በ2000 የካምፕ ዴቪድ ድርድር ሲከሽፍ ሁለተኛው ኢንቲፋዳ የተባለው የፍልስጤማውያን ዓመፅ ተቀሰቀሰ።

ጋዛ ለምን የግጭቱ ማዕከል ሆነች?

የጋዛ ሰርጥ የ1948 ጦርነት የፈጠራት ናት። 80,000 ገደማ ነዋሪዎች በነበሩባት ጠባብ ቁራጭ መሬት ላይ 200,000 የሚያህሉ ስደተኞች ገቡባት፤ ብዙዎቹ ከአጥሩ ማዶ በእግር ከሚደረስባቸው መንደሮች የመጡ ናቸው። ዛሬም ከነዋሪዋ አብዛኛው የስደተኛ ዘር ነው። ሐማስ በ1987 መጨረሻ በመጀመሪያው ኢንቲፋዳ ወቅት የተመሠረተው እዚያ ነው። እስራኤል በ2005 ሰፋሪዎቿንና ጦሯን አስወጣች፤ ሐማስ በ2006 ምርጫ አሸንፎ በ2007 ሥልጣኑን በኃይል ጠቅልሎ ሲይዝ እስራኤልና ግብጽ ሰርጡን ዘጉ።

በኦክቶበር 7 ቀን 2023 ሐማስ የፈጸመው ጥቃት 1,200 ገደማ ሰዎችን ሲገድል 251 ታግተው ተወሰዱ፤ አብዛኞቹ ሟቾች ሲቪሎች ነበሩ። እስራኤል በተከተለው ዘመቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጋዛ ነዋሪዎችን ገደለች፤ ከሕዝቡ አብዛኛውንም አፈናቀለች። ለእስራኤላውያን ጥቃቱ ሆሎኮስትን፣ ለፍልስጤማውያን ዘመቻው ናክባን አስታወሳቸው። ይህን መረዳት ለየትኛውም ግድያ ማመካኛ አይሆንም።

የ1948 ስደተኞች ጉዳይ እስካሁን ያልተፈታው ለምንድን ነው?

የጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ቁጥር 194 በዲሴምበር 1948 ወደ ቤታቸው ተመልሰው ከጎረቤቶቻቸው ጋር በሰላም መኖር የሚፈልጉ ስደተኞች እንዲመለሱ፣ ለማይመለሱትም ካሣ እንዲከፈል ይላል። በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች መሥሪያ ቤት የተመዘገቡት ከነልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ወደ ስድስት ሚሊዮን ይጠጋሉ። እስራኤል ሁሉም ቢመለሱ አይሁዶች በገዛ መንግሥታቸው አናሳ ይሆናሉ፤ ይህም አገሪቱ የቆመችበትን ምክንያት ያፈርሳል ትላለች። ፍልስጤማውያን ደግሞ የመመለስ መብት የግለሰብ መብት ስለሆነ መሪ ተደራድሮ ሊሸጠው አይችልም ይላሉ።

ነገሩን የሚያባብሰው በ1950 የወጣው የእስራኤል የመመለስ ሕግ ነው። ሕጉ ለማንኛውም አይሁዳዊ መግቢያና ዜግነት ይሰጣል፤ ከ1975 ጀምሮ በቤተ እስራኤላውያን ላይ ተግባራዊ ሲሆን ከጎንደር መንደሮች ተነሥተው በሱዳን በኩል ብዙ ወገናቸውን ቀብረው የደረሱትን የተቀበላቸው በዚሁ ሕግ ነው። ለእነርሱ ሕጉ የብዙ ዘመን ጸሎት መልስ ነው። በሃይፋ ተወልዶ በሊባኖስ መጠለያ ያረጀ ፍልስጤማዊ ደግሞ ይኸው በር ለእርሱ ብቻ የተዘጋ ሆኖ ያየዋል። የሁለቱንም ስሜት በአንድ ጊዜ መረዳት ይቻላል፤ በአንድ ሕግ ማስታረቅ ግን እስካሁን አልተቻለም።

ተደራዳሪዎች የሞከሩት መብቱን በመርሕ አውቆ የሚመለሰውን ቁጥር መገደብን ነው። የዓረብ ሊግ በ2002 ቤይሩት ላይ ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ፍትሐዊ መፍትሔ እንዲፈለግ ሐሳብ አቀረበ። በ2008 በእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ኤሁድ ኦልመርትና በፍልስጤም አስተዳደር ፕሬዚዳንት ማሕሙድ አባስ መካከል በተደረገው ድርድር እስራኤል ልትቀበለው ያሰበችው ቁጥር በሺዎች ብቻ የሚቆጠር ነበር፤ እርሱም ሳይፈረም ኦልመርት በሙስና ምርመራ ምክንያት ከሥልጣን ወረዱ።